ዳገት ላይ የሚቆመው ቅጥቅጥ

አምቦ መናኸሪያ ጀርባ ጎማ የሚለጥፈው ዓብዲሳ፣ ሰው ሁሉ መኪናው ዳገት እንዲወጣለት ሲጸልይ፣ እሱ ብቻ ዳገት ላይ የሚቆም መኪና ለመሥራት ሁለት ዓመት የለፋ ሰው ነው። እብድ ነው እንዳትሉ፣ ነገሩ ወዲህ ነው።

ከጎማው በፊት ረዳት ነበር። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ የሹፌሩ የጋሽ ዘገየ ቅጥቅጥ በር ላይ ተንጠለጠለና፣ ከአምቦ በጎጆ ከተማ በኩል ካቺሲ፣ ከካቺሲ አምቦ ስምንት ዓመት ተመላለሰ። ቅጥቅጧ አሮጌ፣ ጋሽ ዘገየም አሮጌ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ሳያስሉ አይነሱም። እሷ ኽኽኽ ትላለች፣ እሱ ኽኽኽ ይላል፣ ሲስማሙ ይሄዳሉ።

ከጎጆ ወዲያ አንዲት ክፉ ዳገት ነበረች። መንገደኛው «ቡኣ» ይላታል፣ በኦሮምኛ ውረዱ ማለት ነው። እዚያ ሲደርሱ ጋሽ ዘገየ ማርሽ አንድ ያስገባና አንገቱን ሳያዞር «በላቸው» ይላል። ዓብዲሳ በሩን በመዳፉ ይደበድባል፦ ወንዶች ቡኣ፣ ሴቶችና ሽማግሌዎች ቁጭ፣ አንተ ባለ ኮቱ እንዳልተኛህ አውቃለሁ፣ ውረድ። ወንዱ እያጉረመረመ ይወርዳል። መኪናዋ ከነገብሷ ከነድንቿ እያቃሰተች ትወጣለች፣ ወንዱ ከኋላ በእግሩ ይከተላል፣ ከሁሉ ኋላ ዓብዲሳ ታኮ ይዞ። ታኮ የግራር ጉማጅ ነው። መኪናዋ ትንፋሽ ባጠራት ቁጥር ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ጎማዋ ሥር ይወሽቀዋል። ሞተሩ ሲበርድ ታኮውን ይዞ ቆርቆሮዋን ሁለቴ ይመታል። ሁለቴ ካልተመታ ጋሽ ዘገየ ንቅንቅ አይልም። ሕጉ ይሄ ነው።

በ2009 መስከረም ድንቅቱ የምትባል የሳይንስ አስተማሪ ካቺሲ ተመደበች። እናቷ ባኮ ከተማ ስለምትኖር በየሁለት ሳምንቱ ትመላለሳለች። መጀመሪያ ቀን ቡኣ ላይ ወንዶቹ ሲወርዱ እሷም ወረደች። ዓብዲሳ ሴት አይወርድም ብሎ ሊመልሳት ሞከረ።

«ድንቹ ጭነት ከሆነ እኔም ጭነት ነኝ» አለችው። «ወይስ ከድንች አንሼ ታየሁህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ እሷና ታኮው ከመኪናዋ ኋላ አብረው ወጡ። ተማሪዎቿ መልስ ሲጠፋባቸው ጣሪያ እንዴት እንደሚያዩ፣ ርዕሰ መምህሩ ባዶ ክፍል ውስጥም ማይክ እንደያዘ እንደሚያወራ ታወራለታለች። እሱ ደግሞ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ያስመስልላታል። መኪናዋ አራት ቦታ ታርፋለች። ሦስተኛው እረፍት ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፣ ድንቅቱ እሱ ላይ ትቀመጣለች። ወሬዋን ሳትጨርስ ዓብዲሳ ቆርቆሮ መትቶ አያውቅም። አንዳንዴ ወሬው ይረዝማል። ጋሽ ዘገየ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያስልና፦

«ዓብዲሳ፣ ሞተሩ እኮ በርዷል። ያልበረድከው አንተ ነህ።»

ሰው ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ዓብዲሳ ግን ታኮውን ያገላብጣል። የልቤን በሚቀጥለው ዳገት እነግራታለሁ ይላል በሆዱ። ዳገቷ የት ትሄድብኛለች።

ዳገቷ ሄደች። በ2012 መንገድ ሠሪዎች መጥተው ወገቧን ቆረጧት፣ ጠጠር አለበሷት። ቅጥቅጧ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቆም ስትወጣ ተሳፋሪው አጨበጨበ፣ አንዲት እናት እልል አሉ። ዓብዲሳ በር ላይ ቆሞ ድንቅቱን አያት። ሦስተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ድንጋዩ ሲያልፍ በመስኮት እየተከተለችው ነበር። መንገድ ተሠራ ብሎ ያዘነ ሰው በአካባቢው ከእሱ ሌላ የነበረ አይመስለኝም። መኪና ውስጥ ደግሞ እንዴት ይወራል? እሱ በር ላይ፣ እሷ መሀል፣ በመካከላቸው ሠላሳ ጆሮ።

ዓመት ሳይሞላ የጋሽ ዘገየ ጉልበት እምቢ አለ፣ ቅጥቅጧም ተሸጠች፣ ዓብዲሳ ጎሚስታ ሆነ። ድንቅቱን መናኸሪያ ውስጥ መኪና ስትቀይር ብቻ ያያታል። አካም ጂርታ፣ ፈያ፣ እናትሽስ፣ ደህና ናት። አለቀ። የድሮው ታኮ ግን አብሮት መጥቶ እስከ ዛሬ የሱቁን በር ይይዛል።

አንድ ቀን ከሱቁ ጎን ልባሽ ጨርቅ የሚሸጠው ሰይፈዲን ቦንዳ ሲፈታ፣ ከልብሱ መሀል አንድ ከረጢት ሙሉ እየተገጣጠመ የሚሠራ የልጆች ፕላስቲክ ጡብ ወጣ። ከነባለ ጥርስ መዘውሩ፣ ከነጎማው፣ ግን የተደባለቀና የጎደለ። ሰይፈዲን ምን ያድርገው፣ እንደ ሽንብራ በጣሳ እየሰፈረ መሸጥ ጀመረ። ዓብዲሳ ሁለቱን አንስቶ ሲያጋጥማቸው ቀጭ አሉ። ያቺን ቀጭ ወደዳት። ለእህቴ ልጅ ነው ብሎ አንድ ጣሳ ወሰደ። የእህቱ ልጅ እስካሁን አላየውም። ዓብዲሳ ግን በወሩ ከረጢቱን ጨርሶት ነበር።

ቅጥቅጧን መሥራት ያዘ። ቀይ ሲያልቅ በቢጫ፣ ቢጫ ሲያልቅ በአረንጓዴ፣ ግን በሩ በቦታው፣ ጣሪያው ላይ ዕቃ መጫኛው ፖርቶመጋላው በቦታው። ሞተሩን ከሞተ ዲቪዲ ማጫወቻ ፈታ። ጎማው እንዳይንሸራተት ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ አለበሰው። ከረጢቱ ውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ሰዎች ተገኙ፣ አንደኛው ጭንቅላት የለውም፣ ባቄላ ተተከለለት። ባለ ባቄላው የክብሪት እንጨት ታኮ ይዞ ከኋላ ቆመ። ሌላኛዋ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ሞተሩን በቀጥታ ከጎማው ጋር አገናኘው፣ ፈጠነ እንጂ ጉልበት የለው፣ ሜዳ ላይ እንኳ ቆሞ ጮኸ። ከዚያ ትንሹ ጥርስ ትልቁን ሲያዞር ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት እንደሚሰጥ ገባው። ማርሽ አንድ ለካ ይሄ ነው። አሁን ደግሞ ጣውላ በጎማ ላይ አጋድሞ ቢለቃት ሽቅብ ወጥታ በወዲያ ወደቀች። ጎረቤቱ አጨበጨበ፣ ዓብዲሳ ተናደደ። ጣውላው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ሦስተኛው እረፍት። እዚያ እንድትቆም ነው የፈለገው፣ ሳትወርድ፣ ሳታልፍ። ጥርስ ያወጣል፣ ጥርስ ያስገባል። ሲያልፋት ይፈታል፣ ሳትደርስ ስትቀር ይፈታል።

ሰይፈዲን ሻዩን ይዞ ያያል። «ወንድሜ፣ እኛ የማይቆም መኪና ስጠን እያልን አላህን እንለምናለን፣ አንተ የሚቆም ትሠራለህ?»

«አውቶቡስ ነው፣ ይቁም» ይለዋል ዓብዲሳ።

ሁለት ዓመት ፈጀ። ቆመች። ጠመኔው ላይ።

በ2014 ሐምሌ ድንቅቱ ፍራሿን አሸክማ ሱቁ በር ላይ መጣች። ዝውውር ወጥቶላታል፣ ባኮ፣ እናቷ ጋ። የባኮ መኪና እስኪሞላ አንድ ሰዓት አላት። ዓብዲሳ ጣውላውን አጋደመ። ከዚያ የሠራው ስህተት ዛሬም ያንገበግበዋል። እንግዳ ናት፣ በአሮጌ ነገር አይሆንም ብሎ፣ አዲስ ባትሪ ድንጋይ አስገባ።

ቅጥቅጧ እንደ አበደች ወጣች። ጠመኔውን አላየችውም። ጫፍ ደርሳ ጎማ የሚነከርበት ውሃ ውስጥ ጧ። ሰይፈዲን አጨበጨበ፣ አሁን ገና ሠራህ አለው። ድንቅቱ አላጨበጨበችም። መኪናዋን ከውሃው አውጥታ በነጠላዋ ጠረገቻት፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለችውን ሴትዮ አየች፣ ባለ ባቄላውን አየች፣ ጠመኔውን አየች።

«ጭነቱስ?» አለች።

«የምን ጭነት?»

«ገብሱ። ድንቹ። ባዶ መኪና መቼ ነው ዳገት ላይ የቆመው?»

ከቦርሳዋ የካቺሲ ቤቷን ጓጉንቸር አውጥታ ፖርቶመጋላው ላይ አስቀመጠችና ለቀቀቻት። ቅጥቅጧ እያቃሰተች ወጣች፣ ወጣች፣ ጠመኔው ላይ ቆመች። ድንቅቱ በሁለት ጣቷ ሴትዮዋን ከወንበሯ አንስታ ታኮ ከያዘው ጎን አቆመቻት። ሰይፈዲን እንኳ ሻዩን አስቀመጠ። ስምንት ዓመት መንደሩን ሙሉ ከመኪና ያስወረደ አፍ፣ «ቲቸር…» ብሎ እዚያው ቀረ። የባኮ መኪና ጡሩንባ ነፋ።

ፍራሹ ተጫነ፣ ድንቅቱ ገባች፣ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ገመድ እያሰረ ዓብዲሳን አየው፣ የሙያ ባልደረባ ነው፣ ታኮዋን አንሳና ምታልኝ አለው። ዓብዲሳ ጎንበስ ብሎ ታኮውን ሳበ። ቆርቆሮውን አንዴ መታ። ሁለተኛውን ሊመታ እጁን አንስቶ ቀና ሲል መስኮቷ ተከፍቶ ነበር።

«ድንቅቱ፣ ቡኢ» አላት፣ ውረጂ ማለቱ ነው። ቲቸር ሳይል ሲጠራት የመጀመሪያው ነው።

አንገቷን በመስኮት አወጣች። «እናቴ ብቻዋን ናት፣ ዓብዲሳ። ያኔ ድንጋዩ ላይ ሆኜ ብትለኝ ኖሮ…»

እጁ አየር ላይ ቆየ። ወሬዋን ሳትጨርስ መትቶ አያውቅማ። ሹፌሩ በመስታወት አየው፣ ከውስጥ አንዱ ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ አለ። እሷ አልጨረሰችም። የምትጨርስም አትመስልም።

መታ።

መኪናዋ ወደ ጉደር አቅጣጫ አስፋልቱን ይዛ ሄደች፣ አንድም ቦታ ሳትቆም። ዓብዲሳ የሰው ታኮ ይዞ ቀረ፣ ረዳቱ በማግሥቱ ተመልሶ ነው የወሰደው። ትንሿ ቅጥቅጥ ዛሬም ጣውላው ላይ ናት። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሰው ሲለምነው ይለቃታል፣ ጠመኔው ጋ ትቆማለች። ሰው ጭነቱን አንሳላት ይለዋል፣ አያነሳም። ጓጉንቸሯ እዚያው ፖርቶመጋላው ላይ እንደተቆለፈች ናት። ቁልፏ ባኮ ነው።