ፀጉር አስተካካዩ የዘመተበት ጦርነት

ፀጉር አስተካካዩ ለሃያ ዓመት ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ በምላጭም በወሬም ሲላጭ ኖሯል። በእሱ አፍ ያልተማረከ መትረየስ፣ ያልተደመሰሰ ምሽግ የለም። ዘንድሮ ግን አብሮት የዘመተው የሻለቃው ጸሐፊ ስለዚያው ጦርነት ልቦለድ አሳተመ፤ “ያየሁትን እንጂ የተመኘሁትን አልጻፍኩም” ብሎ። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት መጽሐፉን ገዝታ መጣች።

እሷ ስታነብ እሱ የጠረገውን መቀስ መልሶ ይጠርጋል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ይዘጋል።

“አንተ ሰውዬ፣ ጉንዳን ገባብህ እንዴ? አረፍ በል እንጂ!”

“የት ደረስሽ?”

“አንድ ፀጉር ቆራጭ ጋ። ጠመንጃ እንኳ አልያዘም።”

“አለቀልኝ” አለ በሆዱ። ነገ የደንበኛ ሁሉ መሳቂያ መሆኑ ነው።

እሷ ድምጿን ከፍ አድርጋ ቀጠለች፦ “ቆራጩ ለውጊያ የሚወጡትን ሲላጭ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአንዱን ወታደር ጆሮ አደማው። ወታደሩም ስቆ፣ ‘ግድ የለም፣ ስመለስ ሌላኛውን ታመሳስልልኛለህ’ አለው። አልተመለሰም።”

መጽሐፉን ጭኗ ላይ አኖረችው።

“ያን ሁሉ መትረየስ በወሬ ስትማርክ፣ ይሄን ለምን ደበቅከኝ?”

“ጥይት የለበትማ! ማን ያዳምጠኛል?”

“እኔ ነኛ። የወታደሩ ዕድሜ ስንት ነበር?”

እንደ ልማዱ ሊያጋንን አፉን ከፈተ፤ ውሸቱ ግን አልመጣ አለው።

“አሥራ ዘጠኝ” አለ። “ፂም የሚባል አልነበረውም እኮ። እንደ ትልልቆቹ ልላጭ ብሎ ነው የተቀመጠው።”