በፒንሳ ያሳለፍኩት ብሎን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም መሻሬን፣ ለእናቴ ክፉ መመለሴን ነግሬ ይችን ግን ዘልያታለሁ። ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን ጽሑፌን ክፍል ውስጥ አንብበው «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብለው መረቁኝ። ደስ ብሎኝ እቤት ድረስ ሮጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። ለምርቃቱ ግን አሜን ማለት አቅቶኝ ነበር። የጋሼ ደሴ እጅ ትዝ አለኛ።

ጋሼ ደሴ ለአባቴ ሙያ ያስተማሩት መካኒክ ናቸው። ሲያረጁ ደብረ ማርቆስ ባለው የአባቴ ጋራዥ አብረው ይሠሩ ነበር። አባቴ ለዓመታት ቆማ የኖረች የጥንት መኪና ገዝቶ ሞተሯን ሲያድሱ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን አናት፣ ከታችኛው አካል ጋር የሚያስሩት አሥር ረጃጅም ብሎኖች ወጡ። ራስ የላቸውም፣ ሁለቱም ጫፋቸው ጥርስ ነው። ደኅናውን ከታከተው የመምረጥ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

«በደረቁ፣ በጣትሽ» አሉኝ ጋሼ ደሴ፣ ብሎን ላይ የሚጠመዘዘውን ዳዶ መዳፌ ላይ አስቀምጠው። «እየተሽከረከረ እስከ ታች ከወረደ ብሎኑ ጤነኛ ነው። መሃል ላይ ከያዘሽ ተስቦ ቀጥኗል፤ ጣይው። ዘይት እንዳትነኪ። ዘይት አማላጅ ነው፣ ጥፋተኛውን ሁሉ ያሳልፋል።»

ዘጠኙ አለፉ። አሥረኛው ላይ ዳዶው መሃል ደርሶ ቆመ። መቆሙን አይቻለሁ። ብናገር ምትኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናዋ ትቆማለች። እሑድ ደግሞ ይጁቤ ከተማ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው፤ በራሳችን መኪና እንደምንሄድ ለክፍል ልጆች ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ። ዘይት ቀባሁት። ዳዶውን በፒንሳ ይዤ አዞርኩት። ወረደ። እኔ ነኝ ያሳለፍኩት፤ እኔ ነኝ ከደኅናዎቹ ጋር የደረደርኩት። «ሁሉም ወረዱ?» ሲሉኝ «ሁሉም» አልኩ። ልጅ ነበርኩ ልበል? ዘይት ለምን እንደተከለከልኩ ግን አውቅ ነበር።

ጋሼ ደሴ ዳዶዎቹን በእጃቸው ስሜት አጠበቁ፤ በመሣሪያ ለክተው አያውቁም። እሑድ ጠዋት ወደ ሠርጉ ስንሄድ ዳገት መሃል አንድ ነገር ጧ አለ፣ እንፋሎት ተነሣ። ያ ብሎን ተበጥሶ ነበር። አባቴ ውኃ ሊፈልግ ሲሄድ የላይኛውን ግማሽ ከሞተሩ ላይ አነሣሁት። ስብራቱ አጠገብ ወገቡ ሞቆ እንደተሳበ ጧፍ ቀጥኗል፤ መካኒክ ቢያየው ቀድሞ የተሳበ መሆኑን ያውቃል። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። አባቴ ቁራጩ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ ብሎ ተወው። ሠርጉ ቤት በእግራችን ገባን።

ሰኞ አባቴ እያፈረ ተናገረ። «ጋሼ፣ ከልክ በላይ ሳያጠብቁት አልቀሩም።»

ጋሼ ደሴ መዳፋቸውን እያገላበጡ አዩት። «አርባ ዓመት ዋሽቶኝ አያውቅም» አሉ። «እንግዲህ እጄም አረጀ።»

እዚያው ቆሜ ነበር። ብሎኑ እኔ ዘንድ ነበር። 

ከዚያ ወዲህ መፍቻ አልጨበጡም። አባቴ ሲለምናቸው «ሰው የሚጫንበትን ነገር በማላምነው እጅ ልንካ?» ይሉታል። ይኸው አምስት ዓመት፣ ጋራዡ በር ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ከባጃጅ ሾፌሮች ጋር ይቀልዳሉ። እኔ ሳልፍ «የኔ መርማሪ፣ ዛሬስ ማንን ጣልሽ?» ይሉኛል። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። በምን አፌ ነው የምስቀው?

የንስሐ አባቴ ስገጂ ቢሉኝ እሰግዳለሁ። ስግደቴ ግን ለጋሼ ደሴ እጅ ምን ያደርግለታል? ግማሹ ብሎን ይሄው ደብተሬ አጠገብ አለ። ነገ ወስጄ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጣታቸው ከጥርሱ ተነሥቶ ሲወርድ የቀጠነው ላይ ይቆማል። እኔ አፌን ሳልከፍት እጃቸው ይነግራቸዋል። ይቅርታ የምለምነው ከዚያ በኋላ ነው። ባይሰጡኝም ብሎኑን መልሼ አልወስደውም።