ስም የሌለው ሙሾ

ወለተጻድቅ ሙሾ ስታወርድ ኮልፌ ላይ ዓይኑ የሚደርቅ ሰው አልነበረም። ሟቹን የማያውቀው እንኳ ተንሰቅስቆ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ታዲያ የሰውን ሁሉ ስታለቅስ ኖራ የገዛ ልጇን ማልቀስ ተከለከለች። ልጇ ፈቀደ ጫካ ገብቶ፣ በሆለታ መንገድ ከጣሊያን ጋር ሲታኮስ ወደቀ። ለአርበኛ ልጇ ድንኳን የጣለች እናት እስር ቤት ነው የምትወርደው። ስለዚህ ኀዘኗን ዋጥ አድርጋ፣ ጎረቤት ሲጠይቃት «ለንግድ ሄዷል» ትል ነበር። ወይ ነዶ!

በዚያው ሰሞን ጣሊያኖች ቀራንዮ ሜዳ ላይ አቡጀዴ ወጥረው፣ ድንግዝግዝ ሲል ሲኒማ አሳዩ። ሕዝቡን ነድተው ነው ያመጡት። ሥዕሉ አርበኞች የገደሉት የጣሊያን መኮንን ቀብር ነበር፤ ባንዲራ የለበሰ ሳጥን፣ የምታነባ ሚስት። ከኋላው የራሳቸው ጥሩምባ ይንጫጫል። ማን ሊያዝን! ሰው አፉን በነጠላ ሸፍኖ ይስቃል። ጎረቤቷ ከበደች ወለተጻድቅን በክርኗ ጎሸም አድርጋ «እሰይ! ይበለው!» አለቻት።

ሲኒማ ሠሪው ጣሊያን ግን ሞኝ አልነበረም፤ የሚሳቀውን አይቷል። አስተርጓሚውን ወርቅአፈራሁን አስከትሎ ወለተጻድቅ ደጅ ከተፍ አለ።

«ጌታው ያገራችንን ለቅሶ ድምፅ በሚቀዳ መኪና ሊያስቀር ይፈልጋል። አልቅሺለት» አላት ወርቅአፈራሁ።

«ማን ሞቶ?»

«ማንም። እንዲያው ለማሳያ።»

እምቢ ልትል ስትል አንድ ነገር ብልጭ አለላት። በጠላት ፊት፣ በጠላት ፈቃድ፣ ልጇን ጮኻ ልታለቅሰው አይደል! ስሙን አለመጥራት ብቻ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ደረቷን እየደቃች አወረደችው፦

ደጄን አልዘጋሁም ይመጣል እያልኩ፣
ለካ አፈር ለብሷል ያ ያማረ መልኩ።

የታመቀው ዕንባ ሁሉ ወረደ። ጣሊያኑ «ብራቮ!» እያለ ሲያጨበጭብ፣ እሷ በልቧ «ሸወድኩህ፣ የውሻ ልጅ!» አለች። ልጇ ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ገና እህል ጣፈጣት።

ብዙም ሳይቆይ ሕዝቡ እንደገና ተነድቶ ወጣ። ሥዕሉ ያው፣ ሳጥኑም ያው፤ ጥሩምባው ግን የለም። በምትኩ የወለተጻድቅ ድምፅ ሜዳውን ሞላው።

መጀመሪያ የሳቁ ነበሩ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ከንፈሯን መጠጠች፤ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ኋላ ሜዳው በሙሉ ተላቀሰ። ከበደች ዓይኗን እያበሰች «እትዬ፣ ሰውዬው አንጀቴን በላው እኮ! ለካ እሱም እናት አለው» አለች።

ወለተጻድቅ «የልጄ ነው! የፈቀደ ነው!» ብላ ልትጮኽ አፏን ከፈተች። አንድ ወታደር ጠመንጃውን ይዞ አጠገቧ ቆሟል። አፏን መልሳ ዘጋችው። የባሰው ደግሞ፣ ዓይኗን ያን ሳጥን ላይ ተክላ እሷም ስታለቅስ ራሷን አገኘችው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ለፈቀደ ድንኳን ተጣለ። ኮልፌ በሙሉ መጣ።

«በይ እንግዲህ» አሏት፣ «አሁን ማን ይከለክልሻል? ስሙን እየጠራሽ አልቅሺው!»

ተነሥታ ቆመች። «ፈቀደ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። የመጣባት ያ ባንዲራ የለበሰ ሳጥን ነበር። ደጋግማ ሞከረች፤ የልጇ ፊት አልመጣ አላት። ተመልሳ ተቀመጠች፤ የፈቀደንም ሙሾ ሌላ ሴት አወረደችለት።