አርብ፣ ገበያ አጠገብ

ጋሼ ሊቀጥሉ ነው! ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። «ቅዳሜ፣ ትምህርት አለ» ይላል። ከቅዳሜ ቀጥሎ ያለችው ነጠላ ሰረዝ በቀይ ተጽፋ ከፊደሎቹ ትበልጣለች። ደብተሬን ታቅፌ ብቻዬን በሩ ላይ ዘለልኩ። የባጃጅ ሾፌር አይቶኝ «ማትሪክ አለፍሽ እንዴ?» አለኝ።

«ከእሱ ይበልጣል!» አልኩት።

ለምን እንደሚበልጥ ልንገራችሁ።

ጋሼ የምንላቸው የግራፊክ ዲዛይን አስተማሪያችንን ነው። የስማዳ ተወላጅ ናቸው። ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች ውስጥ የሳሙና መጠቅለያ፣ የሠርግ ካርድ፣ የዱቄት ከረጢት ሲነድፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እኛ ከተማ፣ ንፋስ መውጫ ገቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛን ሰባት ልጆችን ያስተምሩናል። ኮምፒውተሩ ሁለት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ዜሮ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በእርሳስና በማስመሪያ እንሠራለን። መጀመሪያ ቀን አንድ የሳሙና መጠቅለያ አውጥተው «ይኼን የሚያውቅ?» አሉ። ሁላችንም እጅ አወጣን፤ የሌለበት ቤት የለም።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ግን ሰው ሲያነበው አንድም ቀን ቆሜ አላየሁም።»

ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ጋሼ «ባዶ ቦታ ይናገራል» ማለት ይወዳሉ። ማስታወቂያ ላይ ነጥብና ሰረዝ ስናበዛ «ምንድን ነው ይኼ፣ ገብስ የዘራችሁበት ነው እንዴ?» ይሉና ያጠፉታል።

ባለፈው ወር የጤና ባለሙያዎች የአረጋውያንን ዓይን ሊመረምሩ ወደ ከተማችን እንደሚመጡ ተነገረ። ማስታወቂያውን እንድንሠራ ተጠየቅን፤ ጋሼ ለእኔ ሰጡኝ። ለእኔ! አንድ ትልቅ ዓይን ሣልኩና ከሥሩ በወፍራም ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

የዓይን ምርመራ ለአረጋውያን
አርብ ገበያ አጠገብ
ከጠዋት ጀምሮ

መጀመሪያ ከአርብ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ነበረች። ጋሼ «ባዶ ቦታው ይበቃል» ብለው አጠፏት። እኔም አመንኩ። ለእኔ ግልጽ ነበር፤ የፊታችን አርብ፣ እዚሁ ገበያችን አጠገብ ማለት ነው። ተባዝቶ በየግድግዳው ሲለጠፍ ሰበብ እየፈለግኩ በየመንገዱ ዞርኩ፣ ዓይኔን ለማየት።

አርብ አለፈ። በማግሥቱ ትምህርት ላይ እያለን አንድ መሪጌታ ገቡ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው ከግድግዳ የተነቀለ የእኔን ማስታወቂያ ይዘዋል።

«ይኼን የጻፈው ማነው?»

ጋሼ ተነሥተው ወንበር ለቀቁላቸው። «ይቀመጡ፣ የኔታ። ምን ሆኑ?»

«ምን እሆናለሁ፤ አርብ ገበያ ደርሼ መጣሁ።»

ለማታውቁት፣ አርብ ገበያ የታች ጋይንት ከተማ ስም ነው። ገበያውም የሚቆመው አርብ ቀን ነው። አርብ ቀን ወደ አርብ ገበያ መሄድ ደግሞ ለአገራችን ሰው ቤት እንደመግባት ነው። መሪጌታው ማስታወቂያዬን ያነበቡት ልክ እንደተጻፈው ነበር። ማልደው በሚኒባስ ሄደው፣ የዓይን ሐኪሙ የት ነው እያሉ ሲዞሩ ዋሉ።

«አንዱማ ዓይኑ የታመመው በጌ መስሎት ወደ ከብት ሐኪም መራኝ!» አሉ።

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ጠረጴዛ ሥር መግባት አማረኝ።

«ትልልቁን ፊደል እንደምንም አያለሁ» አሉ መሪጌታው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዳዊቴን ግን ማንበብ ካቆምኩ ከረምኩ። በቃሌ ነው የምደግመው።»

«የኔታ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብዬ ተነሣሁ። ጋሼ አላስጨረሱኝም።

«እሷ ሰረዝ አድርጋ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

መሪጌታው ትኩር ብለው አዩአቸው። «እኛ ብራና ላይ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ እናደርጋለን። ነጥብ ምን በደለችህ?»

መሪጌታው ሲወጡ ጋሼ ኮምፒውተሩን አጠፉ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ስሠራ አንባቢ ፊቴ ቆሞ አያውቅም» አሉን። «ስንቱን እንዳሳሳትኩ በምን አውቃለሁ? አሁን ደግሞ ያንኑ ለእናንተ አስተምራለሁ።» ቁልፉን ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መልሰው ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ዝግ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለውም።

እኔ ማዘን ብቻ አልሆነልኝም። የዓይን መርማሪዎቹ ተመልሰው እንደሚመጡ ስሰማ አዲስ ማስታወቂያ በእጄ ጻፍኩና መሪጌታው የሚያስተምሩበት ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄድኩ። እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው፤ ጋሼ ያሉትንም ነገርኳቸው።

«ያ ሰውዬ በአንድ ሰረዝ ትምህርት ዘጋ?» አሉ። «እኔ ስንቱን ዜማ ስቼ ተማሪ ሲያርመኝ ብዘጋ ኖሮ ማን ይማር ነበር? ነይ፣ ቤቱን አሳዪኝ።»

ጋሼ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። መሪጌታው ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «አንባቢ ፊቴ ቆሞ አያውቅም አልክ አሉ። ይኸው ቆመልህ!» ብለው ወረቀቴን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «የዓይን ምርመራ ለአረጋውያን። አርብ፣» እዚህ ላይ ቆም ብለው ትንፋሽ ሰበሰቡ፣ «ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ።»

ጋሼ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሰሙ። «እንደገና ያንብቡልኝ» አሉ። ሦስት ጊዜ አስነበቧቸው።

«ኧረ የቀረችውን ዓይኔን ለሐኪሙ ተውለት!» ብለው መሪጌታው ሲቆጡ ጋሼ ሳቁ። እኔን ግን «እስቲ አያለሁ» ብቻ አሉኝ። ያ ከትናንት ወዲያ ነበር። ዛሬ ወረቀቱ በሩ ላይ!

መሪጌታው አርብ ከሰልፉ ፊት እንደሚቆሙ ነግረውኛል። ከምርመራው በኋላ ደግሞ የምንሠራውን ሁሉ ከመባዛቱ በፊት ሊያነቡልን ቃል ገብተዋል። ባዶ ቦታ መናገሩን አላቆመም፤ ምን እንዳለ ግን ሰው እንጠይቃለን።

ከወረቀቱ ግርጌ ጋሼ በደቃቁ የጻፉትን አልነገርኳችሁም፦ «አንብቦ የተሳሳተ ሁሉ ተጋብዟል።» እኔም ለጋይንት፣ ለስማዳ፣ ለእስቴ ሰው ሁሉ አስተላልፌያለሁ። ያሳሳታችሁን ማስታወቂያ ይዛችሁ ኑ፤ እናንተ ታነቡታላችሁ፣ እኛ እናስተካክለዋለን። ቅዳሜ፣ ንፋስ መውጫ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ኋላ። በየሰረዙ ትንፋሽ ሰብስቡ፣ አደራ።