ከሰዓት በኋላ የተመረጠ ጎማ

ጉልበቴ ቀልደኛ ነው። እስከ ዳቦ ቤት በእግሬ ልሂድ ስለው ያቃስታል፤ ብስክሌት ላይ ስወጣ ግን ዝም ይላል። ሐኪሙ ምክንያቱን በፈረንሳይኛ አስረድቶኛል፣ እኔም በአክብሮት ራሴን ነቅንቄ ወጥቻለሁ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ቁጭ ብዬ መዞር እችላለሁ ማለት ነው። መዞር ደግሞ ነፍሴ ነው። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ "አንቺን መንገድ ላይ ሳልወልድሽ አልቀረሁም" ትለኝ ነበር።

ብስክሌት የለመድኩት በልጅነቴ፣ ድሬዳዋ ነው። የባቡር ሠራተኞቹ ብስክሌታቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሥራ ሲገቡ፣ እኛ ሰፈርተኞቹ ልጆች ደግሞ የእኛን ሥራ እንጀምራለን። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ከእሷ ጋር ነው። ጅቡቲ መጥቼ ሰው ቤት ስሠራ ብዙ ዘመን ብስክሌት የሚባል አልነካሁም። መጨረሻ ላይ ሄሮን የሚባለው ሰፈር ውስጥ የሠራሁላት ማዳም ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ዕቃዋ ሁሉ ኮንቴነር ውስጥ ሲገባ ብስክሌቷ ቀረ። "ያንቺ ነው" አለችኝ።

መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን የተጣመመ መስሎኝ አዝኜላት ነበር። "ግራቬል ነው የሚባለው" አለችኝ ማዳም፤ "ለጠጠር መንገድ የተሠራ ነው።" እሷ ግን ጠጠር ላይ ስትነዳው አይቼ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ባሕሩን ይዛ አስፋልት ለአስፋልት ሄዳ ትመለስ ነበር። ጎማውንም ለዚያው ብላ ቀጭን አስደርጋበታለች። ጠጠሩን ለእኔ ትታልኝ ሄደች ማለት ነው።

ጠጠሩ ያለው ባልንጀራዬ ቤት መንገድ ላይ ነው። እሷና እኔ በወጣትነታችን ሄሮን ውስጥ ጎረቤት ለጎረቤት ቤቶች ስንሠራ፣ በአጥር ላይ ሽንኩርት የምንበዳደር፣ በዚያው በአጥሩ ላይ አሠሪዎቻችንን የምናማ ጓደኛሞች ነበርን። አሁን ባልባላ ከሚባለው የዳገት ሰፈር መጨረሻ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ነው የምትኖረው። እግሯ ስለሚያብጥ ወደ ከተማ መውረድ ትታለች። ሚኒባሱ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ያራግፍና ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ አለ፣ ከድንጋዩ ቀጥሎ ጎርፍ የሚወርድበት ደረቅ አሸዋ አለ። ለእኔ ጉልበት ያ መንገድ በእግር የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ፣ እዚህ እረፍቱ ዓርብ ነው፣ የምስር ወጥ በድስት አድርጌ፣ ከኋላ አስሬ፣ ብስክሌቴ ላይ እወጣለሁ። ጾም ስለሆነ ሁልጊዜ ምስር ነው። ባልንጀራዬ "ዓርብ ወጥ ቢቀየር ምን ነበረበት" እያለች ትበላለች።

አንድ ዓርብ አሸዋው ላይ ወደቅሁ። ያ ቀጭን ጎማ አሸዋው ውስጥ እንደ ቢላ ገባ፣ ብስክሌቱ ቆመ፣ እኔ ቀጠልኩ። እኔ ደህና ነበርኩ፤ ምስሩ ነው የተጎዳው። ቀሚሴን ምስር በምስር አድርጌ ቤት ስገባ፣ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"እማዬ፣ ይኼ ነገር አበቃ።"

"ምኑ?"

"ብስክሌቱ! አንድ ጊዜ ደግመሽ ብትወድቂ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መንገድ ላይ ላገኘሁት ሰው ነው የምሰጠው።"

"ኮርቻው እኮ ለአጭር ሰው ነው።"

"አጭር ሰው ፈልጌ እሰጠዋለሁ!"

ልጄ ስትቆጣ የአባቷን ቅንድብ ታወጣለች። ያን ቅንድብ ካየሁ ክርክር አልገባም። ደግሞም ስትቀጥል፣ "የሚመጣው ዓርብ በታክሲ እከተልሻለሁ፤ በዓይኔ አያለሁ" አለችኝ። ብስክሌቱ ከሄደ ባልንጀራዬም ሄደች ማለት ነው። እሷ አትወርድ፣ እኔ አልወጣ። በስልክ እናወራለን ይሉኛል። በስልክ የሚወራ ወሬና አፍ ለአፍ ገጥመው የሚያሙት ሐሜት አንድ ነው እንዴ?

ስለዚህ ሰፋ ያለ ጎማ ፍለጋ ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር ሄድኩ።

እዚያ አንድ የማውቀው ጎሚስታ አለ። ሶማሌ ነው፤ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ አማርኛ ጋር አንድ ሰፈር ነው። "አዬዮ" ይለኛል፤ በሶማሊኛ አያቴ ማለት ነው። ጠዋት ስደርስ ጎማ ላይ ተቀምጦ እያዛጋ ነበር። ጠጠር መንገድ ላይ ልነዳ ነው፣ ሰፊ ጎማ ፈልግልኝ አልኩት።

"አቦ አይሆንም።"

"ሳታየው?"

"ቀጭን ብስክሌት ነው፣ ቀጭን ጎማ ይበቃዋል። አይሆንም አዬዮ፣ ሂጂ።"

አልተቀየምኩትም። በዚህ ከተማ የኖረ ሰው ጠዋትና ከሰዓት በኋላን ለይቶ ያውቃል። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት እኩለ ቀን አልፎ እስኪገባ ድረስ ወንዱ ሁሉ ያዛጋል፣ ለጠየቁት ሁሉ "አይሆንም" ነው። ጫቱ ከገባና ከተቃመ በኋላ ደግሞ የማይሆን ነገር የለም። ልጅህን ለልጄ የሚል ሰው ከሰዓት በኋላ ነው የሚሄደው። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ፣ እሺታ ፍለጋ፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ።

ሱቁ ሌላ ሱቅ ሆኖ ጠበቀኝ። ካርቶን ተነጥፎ፣ ትራስ ተደርድሮ፣ አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ፣ አንድ ዘበኛና አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጉንጫቸውን ወጥረው ተቀምጠዋል። ጎሚስታው ሲያየኝ ብድግ አለ።

"አዬዮ! ግቢ፣ ግቢ! ያንቺን ብስክሌት ሳስብ ነው የዋልኩት!"

ከጣሪያው ላይ ጎማ በጎማ እያወረደ ዘረጋልኝ። ፈረንሳይኛ አላነብም፤ ቁጥር ግን በምንም ቋንቋ ቁጥር ነው። የእኔ ጎማ ጎኑ ላይ ስፋቱን ሠላሳ ሁለት ይላል። አርባ የሚል አየሁና ይኼ አይከፋም ብዬ አነሳሁት። የባቡር ሠራተኛው ከትራሱ ላይ ቀና አለ።

"ለአሸዋ ነው ያልሽው? ለአሸዋማ ስፋት ነው። ግመልን እያት፣ እግሯ ትራስ ነው። አህያን እያት፣ እግሯ ሲኒ ነው። አሸዋ ላይ ማን ይሄዳል?"

"ግመል!" አለ ዘበኛው፣ ፈተና እንዳለፈ ሰው ደስ ብሎት።

"እንግዲያው አርባ ምን ያደርጋል? ሃምሳ ይሁን!"

"ይገባል?" አልኩ።

"ይገባል!" አሉኝ አራቱም፣ በአንድ አፍ።

"በዚህ ጎማ አዬዮ ታጁራ ትደርሳለች" አለ ዘበኛው።

"ታጁራ ምን ሩቅ አለው?" አለ ሹፌሩ፤ "አሰብ በላት እንጂ!"

እውነቱን ልናገር፣ አንዲት ቅጠል ሳልቅም ምርቃናቸው ተጋባብኝ። ራሴን አሳል ሐይቅ ዳር፣ ነጩ ጨው ላይ፣ ነጠላዬ በነፋስ እየተውለበለበ ስነዳ አየሁት። ያን አርባ ቁጥር ጎማ ከእጄ አስቀመጥኩት።

ጎሚስታው የጭቃ መከላከያውን ነቅሎ ጣለ። ጎማውን በመዶሻ እጀታ እየገፋ፣ በዘበኛው ጉልበት እየታገዘ አስገባው። በእጅ መንፊያ ትንሽ አየር ነፋበትና አሽከረከረው፤ ዞረ! ሁሉም አጨበጨቡ፣ እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝ። መብራት ስለጠፋ ማሽኑ አየር አይሞላም ነበርና፣ "ነገ ጠዋት ነይ፣ ሞልቼ እሰጥሻለሁ" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሐሙስ ማለት ነው፣ ሄድኩ። እያዛጋ ሞላው። ጎማው አበጠ፣ አበጠና የያዘውን ሹካ መሳይ ብረት ግራና ቀኝ ነክሶ ቀጥ አለ። ብንገፋው፣ ብንስበው፣ ወይ ፍንክች። ጎሚስታው ብስክሌቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ይኼን ማነው ያስገባው?"

"አንተ ነሃ!"

"እኔ? መቼ?"

"ትናንት፣ ከሰዓት በኋላ።"

"አዬዮ" አለኝ በጣም አዝኖ፣ "የከሰዓቱን እኔ ምን አድርጊ ብሎሽ ነው የምታምኚው?"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሱም ሳይወድ በግድ ሳቀ። ለጠዋት ሳቅ ብርቅ ነው። ከዚያ ጎማውን አውጥቶ፣ ሹካው ውስጥ ጣቱን አስገብቶ ለካ። "በዚህም በዚያም ጣት ማለፍ አለበት። ጠጠር ይዞ ሲዞር መውጫ ካላገኘ እዚያው ይቀረቀራል፣ አንቺም ትወድቂያለሽ።" አርባውን አነሳ። ገባ። ጣቴን አስገባሁ፣ አለፈ። ከሠላሳ ሁለቱ አጠገብ ሲታይ የጠገበ ልጅ ይመስላል። የኋላውንም እንዲሁ ቀየረልኝና እስኪደነድን ነፋው። በዚህ ከተማ ጎሚስታ ጎማ ሲሞላ ድንጋይ አድርጎ ነው፤ ለስላሳ ጎማ ሰጠ መባልን እንደ ነውር ያየዋል። በጣቱ አንኳኳው፣ ጠነከረ፣ ደስ አለን።

ዓርብ ሙቀቱ ሳይጠነክር በጠዋት ወጣሁ። ምስሬ ከኋላ፣ ከምስሬ ኋላ ልጄ በታክሲ። የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ ተሻግሬ ዳገቱን ማርሽ እያቀለልኩ ወጣሁት። ታክሲው በእኔ ፍጥነት ሲያዘግም ከኋላ የነበረው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን ነፋብን፤ ልጄ በመስኮት ብቅ እያለች ይቅርታ ትጠይቃለች። ሠርገኛ ነው የምንመስለው። አስፋልቱ አልቆ ድንጋዩ ላይ ስገባ ጎማው ድንጋይ ለድንጋይ ዘለለ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ሄደ። አሸዋው አፋፍ ላይ ስደርስ የፊቱ ጎማ ሸርተት አለ፣ ሸሸ። ወዲያው ፍሬን ይዤ ዘልዬ ወረድኩ።

የታክሲው በር ተበርግዶ ተከፈተ።

"ወደቅሽ!"

"አልወደቅሁም፣ ወረድኩ።"

"እማዬ፣ አይቻለሁ!"

"የወደቀ ሰው መሬት ይነካል። እኔ የነካሁት በጫማዬ ነው። ሹፌሩን ጠይቂ!"

የታክሲው ሹፌር መሪው ላይ ክንዱን አንተርሶ አሰበ። ጠዋት ነውና ለሁላችንም "አይሆንም" የሚል መስሎኝ ነበር። "እማማ ወርደዋል" አለ በመጨረሻ፤ "መውደቅ እንኳ እንዲህ አይደለም።" ልጄ ቅንድቧን አወጣች።

ያኔ ጎማውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ድንጋይ ነው። ስፋቱን ገዝቼ ድንጋይ አስሞላሁበት። ያ የባቡር ሠራተኛ ስለ ግመል እግር ሲያወራ ትራስ ነው ያለው፣ ድንጋይ ነው አላለም! የአየር መግቢያዋን ክዳን ፈታሁና ጫፏን በጥፍሬ ተጭኜ አስተነፈስኩት፤ ፊሽሽ ሲል ልጄ ጮኸች፦ "ምን እያደረግሽ ነው? ልታፈርሺው ነው?" የፊቱን አስተነፈስኩ፣ የኋላውን አስተነፈስኩ። በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ድፎ ዳቦ ጎድጎድ አለ። ወጣሁ።

እና ሄደ። አሸዋው ላይ ጎማው ተዘርሮ፣ ተንጠፍጥፎ፣ ሹክ ሹክ እያለ ሄደ። መሪው ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለ፤ እኔም አብሬው ወዲያ ወዲህ አልኩ፣ ፔዳሉን ግን አልተውኩም። ከኋላዬ የታክሲው ሞተር ሲጮህ ሰማሁ፣ ከዚያ ደግሞ ዝም ሲል። ዞሬ አላየሁም፤ ዞሮ ማየት ነው ሰው የሚጥለው።

ባልንጀራዬ በሯ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ነበር።

"ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ምስሩን ድስቱ ውስጥ እንዳለ ያመጣሽው?" አለችኝ።

"አንቺዬ፣ ጎማ ቀየርኩ።"

"ወጡንስ መቼ ትቀይሪዋለሽ?"

ድስቱን ፈትቼ ስገባ፣ ልጄ ከሩቅ ብቅ አለች። ታክሲው አሸዋው ላይ ተቀርቅሮ፣ ሹፌሩ ሰው እየጠራ፣ እሷ ደግሞ የዓርብ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በባዶ እግሯ። ባልንጀራዬ ዓይኗን አጥብባ አየቻት።

"ያቺ ያንቺ ልጅ አይደለችም? ምነው ሳትጭኛት መጣሽ?"

ልጄ ደርሳ ተቀመጠች። እግሯን ታጥባ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ምስሩን በላች። ባልንጀራዬና እኔ የዱሮ አሠሪዎቻችንን አንስተን ጣልን፤ ልጄም መጀመሪያ "ተዉ እንጂ፣ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው" አለችን፣ ቆይታ ግን "እሺ፣ ከዚያስ?" ማለት ጀመረች።

ልንሄድ ስንል ባዶውን ድስት ይዤ ወጣሁ። ልጄ ከእጄ ወሰደችው። ከኋላ አስቀምጣ በገመዱ አሰረችው፣ ነቅነቅ አድርጋ አየችው፣ አልጣማትም፣ ፈትታ ደግማ አሰረችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የፊቱን ጎማ በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

"እስከ አስፋልቱ ይኼ አየር ይበቃሻል?" አለችኝ።