ጭነት የበዛበት ኮከብ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ቦንቱ የዩኒቨርሲቲ ሥራዋን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ነበር፤ ማይክሮኮንትሮለር የሚሏት ትንሽ ሰሌዳ፣ ጥቂት ሽቦ፣ አንዲት ሞተር። የሞተሯን ሽቦ በቀጥታ ከሰሌዳዋ እግር ልታገናኝ ስትል እጇን ለቀም አደረግኩት።

"አካኮ፣ ምን ሆንክ?" አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። ሽቦውን ከእጇ ወስጄ አጠገቤ አስቀመጥኩት።

በደርግ ዘመን፣ በሃያ አንድ ዓመቴ፣ ነቀምቴ ገበያ አጠገብ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ከመጽሐፍ በለቀምኳት እውቀት ከተማውን የማበራ ይመስለኝ ነበር። የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኦቦ ጉተማ ለመድረኩ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ኮከብ እንድሠራ ጠየቁኝ።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ትችላለህ?"

"እንዴታ" አልኩ። አልችልም ማለትን ገና አልተማርኩም።

ከተበላሸ ዕቃ ሁለት አይሲ፣ መብራትን ብልጭ ድርግም የሚያሰኙ ቺፖች፣ ነቅዬ ነበር፤ ስምንት እግር ያላቸው፣ ከጥፍር ብዙም የማይበልጡ። የአንዷን ሦስተኛ እግር ከትንሽ መብራት ጋር አገናኝቼ ሞከርኳት። ሁለት ቀን ሳትደክም ብልጭ ድርግም አለች። ኮከቡ ላይ ግን ሃያ የእጅ ባትሪ አምፖሎች ነበሩ። አንዱን ያበራች ሃያው አያቅታትም ብዬ ሁሉንም ከዚያችው እግር አሰርኳቸው። እግሯ የምትችለው መጠን መጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል፤ እኔ ቁጥር የበዛበትን ገጽ እዘል ነበር።

የልምምዱ ዕለት የጳጉሜ ዝናብ የቀበሌውን አዳራሽ ቆርቆሮ ይደበድባል። አዳራሹ የረጠበ ካፖርትና የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ከፊት ተቀምጧል። ማብሪያውን ተጫንኩ። ኮከቡ አንዴ ቀላ ብሎ ጠፋ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ አይሲዋን ብነካት ጣቴን ለበለበችኝ።

ካድሬው አልጮኸም። ደብተሩን እያወጣ "ይህ አሻጥር ነው" አለ።

ዛሬ አሻጥር ሲባል ተራ ተንኮል ይመስላል። ያኔ ግን ቃሉ ከስምህ ጎን ከተጻፈ ቀጥሎ የሚመጣው መኪና ነው። የጎረቤታችን ልጅ በዚሁ ቃል ተወስዶ አልተመለሰም። እናቴ ትዝ አለችኝ።

"ምን ሆነብህ?" አሉኝ ኦቦ ጉተማ።

"ጭነት በዛባት" አልኩ። የመጽሐፉ ቃል ነው፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

"አምፖል ስንት ኪሎ ይመዝናል? ያላግጥብናል እንዴ?" አለ ካድሬው።

ኦቦ ጉተማ ግን ከሊቀመንበርነታቸው በፊት ከአርጆ ነቀምቴ ቡና በአህያ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

"በአ፣ ጭነት ነው የምትለኝ? አንድ ቁና በቻለች ውርንጭላ ላይ ሃያ ቁና ጫንክባት?"

"አዎ።"

"ጓድ፣ እኔም አንዷን እንዲሁ ጭኜ መንገድ ላይ ቀርታብኛለች። አለማወቅ ነው፤ አሻጥር አይደለም።"

"ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?"

"እኔን ጻፈኝ" አሉ። ካድሬው ጻፈ።

ከአሮጌ ሬዲዮ ትልቅ ትራንዚስተር አወጣሁ። ሁለተኛዋ አይሲ እንድታዝዝ ብቻ፣ ሸክሙን ትራንዚስተሩ እንዲችለው አደረግኩ። በበዓሉ ኮከቡ በራ፤ ተጨበጨበ።

በጥቅምት ኦቦ ጉተማ ወደ አውራጃ ተጠሩ። ከወራት በኋላ ሲመለሱ ሊቀመንበር አልነበሩም፤ ግራ እጃቸውም ኩባያ አይጨብጥም ነበር። በእኔ ኮከብ ይሁን በሌላ ነገር ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ አንጮቴ በልቼ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ አሁን እሳቸው ሞተዋል።

ቦንቱ ይህን ሰምታ እግሩ የሚችለውን ቁጥር ከስልኳ ፈልጋ አገኘችው፤ መሐል ላይ ትራንዚስተር አስገባች፣ ሞተሯም ዞረች። የሰሌዳዋ እግር ምን ያህል እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። ኦቦ ጉተማ የሚችሉት ጭነት ግን የትም አልተጻፈም ነበር፤ እኔም ሳልጠይቅ ሃያውንም አምፖል እሳቸው ላይ አስሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።