ውሃ የሚጠማው ብረት

ይህ የደረሰብኝ በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው አንዲት ሴት በእኔ ጥፋት ልትሞት ስለነበር ነው። ጽድቅ እየሠራሁ መስሎኝ ማጥፋቴ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል።

አሥራ አንደኛ ክፍልን አቋርጬ በመተማ በኩል ከአገር ከወጣሁ በኋላ፣ ሐጃ የምንላቸው ሱዳናዊት አሮጊት ቤት ሥራ አገኘሁ። ሐጃ ስኳር በሽታ ነበረባቸው፤ የሚወጉት መድኃኒት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። የከተማው መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ ግቢው ውስጥ ጄኔሬተር ነበራቸው።

ጄኔሬተሩን የገጠመው ጋሽ ውበቱ የሚባል የጎንደር ሰው ነው። አጠገቡ ረጅም ብረት መሬት ውስጥ ቀብሮ ሽቦ አስሮበታል።

«በየጧቱ አንድ ጣሳ ውሃ አጠጪው» አለኝ። «ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ያቺ ግድግዳው ላይ ያለችው ማጥፊያ ራሷን የምትዘጋው በዚህ ብረት በኩል ከመሬት ስትገናኝ ነው፤ አፈሩ ከደረቀ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ እሷም አትዘጋም። የከተማው መብራት የራሱ የመሬት ሽቦ አለው፤ ጄኔሬተሩ ግን ከዚህ ሌላ የለውም።»

«ውሃና ኤሌክትሪክ አይገናኙም ተብለን ነው የተማርነው። ደግሞ ብረት ይጠማዋል?»

«ከአንቺ በላይ!» ብሎ ሳቀብኝ።

እሺ አልኩት እንጂ አላመንኩትም።

በበጋ የገዳሪፍ ጥቁር መሬት ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ውሃ የምንገዛው ካሮ ከሚሉት የአህያ ጋሪ ነበር። ሐጃ በራቸው ላይ ለአላፊ አግዳሚ ዚር የሚሉትን የውሃ እንስራ ያስቀምጣሉ። ከድንበር የሚመጡት ያገሬ ሰዎች ስለሚበዙ ገና ሳይረፍድ ያልቃል። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን አዝላ የባዶውን ዚር ቂጥ በጣሳ ስትፍቅ አየሁ። ከዚያ ወዲያ የብረቱን ድርሻ ዚሩ ውስጥ መገልበጥ ጀመርኩ። ሰው እየተጠማ ብረት አላጠጣም አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየሁ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት ጠፋና ጄኔሬተሩን አስነሣሁ። ሐጃ ለሶላት ታጥበው፣ እጅ እግራቸው እንደራሰ፣ ማቀዝቀዣው መሥራቱን ሊያዩ ሄዱ። የታፈነ ድምፅ ሰምቼ ስዞር እጃቸው እጀታው ላይ ተጣብቋል። መላ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

ላላቅቃቸው እጄን ዘረጋሁ። ያን ጊዜ ጋሽ ውበቱ «ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው አትንኪ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፊ» ያለኝ ትዝ አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወደ ግቢ ሮጥኩ። ርቀቱ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ግን ከመተማ ገዳሪፍ የመጣሁበት መንገድ እንኳ እንደሱ አልረዘመብኝም።

ሞተሩን አጥፍቼ ስመለስ ወለሉ ላይ ተዘርረዋል። ጆሮዬን ደረታቸው ላይ ለጠፍኩ። ልባቸው ይመታል።

ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና በዓረብኛ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጥለሽኝ ወደ ሐበሻ አገር የሮጥሽ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

ሳቅሁ። ከዚያ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ ውበቱ ተጠርቶ መጣ። የማቀዝቀዣውን ሽቦ አይጥ በልታዋለች። ከዚያ ብረቱ ሥር ተንበርክኮ አፈሩን ቢዘግነው በጣቶቹ መሃል እንደ ዱቄት ፈሰሰ።

«ይህን ያላጠጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ውሃውን ዚሩ ውስጥ ጨመርኩት» አልኩ።

«እኔ ደግሞ የተማረች ናት ብዬ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ያባርሩኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሐጃ ግን፣ «ተዋት። እኔ በቀን አምስት ጊዜ የምታጠብበት ውሃ የት ነው የሚሄደው?» አሉ።

የሚሄደው ወደ ቦይ ነበር።

ጋሽ ውበቱ ሽቦውን ቀየረ፤ ማጥፊያዋን በመሞከሪያ ቁልፏ መፈተንም አስተማረኝ። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር እንድጫናት፣ ጠቅ ብላ ከዘጋች መልሼ እንድከፍታት፣ ካልዘጋች ሞተሩን ወዲያው እንዳጠፋ ነገረኝ።

ሐጃም ከዚያ ወዲያ የሚታጠቡት ሳፋ ላይ ሆነ። ሲጨርሱ «ነይ፣ ያ የተጠማው ጎረቤትሽ እየጠበቀሽ ነው» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ሳፋውን ተሸክሜ ብረቱ ሥር እደፋ ነበር። ዚሩም ድርሻው አልተነካበትም።

መብራት ሲጠፋ ሐጃን ከማቀዝቀዣው አርቃቸው ነበር። እንዲነኩት የምፈቅድላቸው ሞተሩን አስነሥቼ፣ ቁልፏን ተጭኜ፣ ያቺን «ጠቅ» ከሰማሁ በኋላ ነው።